የጥርስ ኤክስሬይ ሴንሰር ስንገዛ «33 ላይን ፔር» የሚለውን ቁጥር ምን ያህል እንመነው?

ጥያቄ (የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለክሊኒክ አንድ ሳይዝ 2 ሴንሰር ለመግዛት ሦስት አማራጭ ቀርቦልናል። የመጀመሪያው ፒክስሉ 15 ማይክሮን ነው፤ ወረቀቱ ላይ «33 ላይን ፔር በሚሊሜትር» ይላል። ሁለተኛው 20 ማይክሮን፣ 25 ላይን ፔር። ሦስተኛው 25 ማይክሮን፣ 20 ላይን ፔር። ሦስቱም ሲሞስ (የምስል ቺፕ ዓይነት) ናቸው፣ የሦስቱም ሲንቲሌተር (ኤክስሬዩን ወደ ብርሃን የሚቀይረው ንጣፍ) ሲሲየም አዮዳይድ ነው። የዋጋቸው ልዩነት ግን የዋዛ አይደለም።

አቅራቢዎቹ ናሙና ምስል ልከዋል። የመጀመሪያው ዓይን ይስባል፤ የሙሌቱ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሦስተኛው ደብዘዝ ያለ ነው። ሆኖም ምስሎቹ በተለያየ ጥርስና በተለያየ ማሽን የተነሱ ስለሆኑ እነሱን ይዞ መወሰን አስቸጋሪ ነው።

ማሽናችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 70 ኪሎቮልት፣ 7 ሚሊአምፔር፣ ፎካል ስፖቱ (ኤክስሬዩ የሚመነጭበት ቦታ) 0.7 ሚሊሜትር፣ ኮኑ (ጨረሩን የሚመራው ቱቦ) 20 ሴንቲሜትር ነው። መብራት ሲጠፋ የምንሠራበት በእጅ የሚያዝ ማሽንም አለ። ዋናው ሥራችን ባይትዊንግ (በሽተኛው ነክሶ የሚነሳ የላይና የታች ጥርስ ምስል) ላይ ጀማሪ ካሪስ (የጥርስ መቦርቦር) መፈለግና የሩት ካናል (የጥርስ ሥር ቦይ) ርዝመት መለካት ነው። አቅራቢዎቹ ዕቃውን ለሁለት ቀን ለሙከራ ሊሰጡን ተስማምተዋል። በሁለት ቀን ውስጥ በምን ልለያቸው?

መልስ (ባዮሜዲካል ኢንጂነር)

ዶክተር፣ መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። አንድ ላይን ፔር ማለት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር ጎን ለጎን ነው። ሁለቱን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ያስፈልጋል። 15 ማይክሮን 0.015 ሚሊሜትር ነው፤ እጥፉ 0.030፤ አንድን ለ0.030 ሲያካፍሉ 33 ይመጣል። በ20 ማይክሮን 25፣ በ25 ማይክሮን 20። የሦስቱም ወረቀት ከዚህ ስሌት ጋር አንድ በአንድ መግጠሙ ቁጥሩ ከፒክስሉ ተሰልቶ እንደተጻፈ ይጠቁማል። ሴንሰሩ ከዚህ በላይ ሊሄድ እንደማይችል ይነግርዎታል፤ እዚያ መድረሱን ግን አይነግርዎትም።

ምክንያቱም ምስሉ ፒክስሉ ጋ ሳይደርስ ይደበዝዛል። ኤክስሬዩ ሲንቲሌተሩ ላይ ሲያርፍ ወደ ብርሃን ይቀየራል፣ ብርሃኑም ወደ ጎን ይፈስሳል። ሲሲየም አዮዳይድ እንደ መርፌ ተደርድሮ ስለሚያድግ ብርሃኑን እንደ ቧንቧ ወደ ታች ይመራዋል፤ ከጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይሁንና ንጣፉ ሲወፍር ኤክስሬዩን በደንብ ይይዛል፣ ብርሃኑ ግን ይበልጥ ይሰፋል። ሲሳሳ ምስሉ ጥርት ይላል፣ ነገር ግን ብዙው ኤክስሬይ ሳይያዝ ያልፋልና ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አምራቹ የትኛውን እንደመረጠ የፒክስሉ መጠን አይናገርም። ትንሽ ፒክስል ወፍራም ንጣፍ ሥር ቢቀመጥ የተገኘው ትርፍ ትልቅ የኮምፒውተር ፋይል ብቻ ነው።

ስለዚህ አቅራቢውን ኤምቲኤፍ ይጠይቁ። ኤምቲኤፍ ዝርዝሩ እየረቀቀ ሲሄድ ከኮንትራስቱ ስንት በመቶው ምስሉ ላይ እንደተረፈ የሚያሳይ ግራፍ ነው። በ5 ላይን ፔር ስንት ቀረ? በ10ስ? ለእኛ የሚጠቅመው እዚያ አካባቢ ያለው ነው። በሥሩና በአጥንቱ መሃል ያለውን የፔሪዶንታል ክፍተት ያስቡ፤ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያ በስሌት 2.5 ላይን ፔር ብቻ ነው! እንዲህ ያለውን ነገር ሦስቱም ሴንሰሮች ያለ ችግር ማሳየት አለባቸው፤ ልዩነቱ በምን ያህል ኮንትራስት ያሳዩታል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ማሽንዎ። ፎካል ስፖቱ ነጥብ ስላልሆነ እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ይኖረዋል። የጥላው ስፋት ፎካል ስፖቱ ተባዝቶ ከጥርሱ እስከ ሴንሰሩ ባለው ርቀት፣ ተካፍሎ ከፎካል ስፖቱ እስከ ጥርሱ ባለው ርቀት ነው። በእርስዎ ማሽን ጥርሱ ከፎካል ስፖቱ 220፣ ከሴንሰሩ 10 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ 0.7 ሲባዛ በ10 ሲካፈል ለ220 ወደ 0.032 ሚሊሜትር፣ ማለትም 32 ማይክሮን ይሆናል። የላይኛው መንጋጋ ላይ በፓራሌል ቴክኒክ (ሴንሰሩ ከጥርሱ ጋር ትይዩ ሲቀመጥ) ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ሲደርስ ጥላው 64 ማይክሮን ነው። ከ15 ማይክሮን ፒክስል አራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ሁኔታ 16 ላይን ፔር አካባቢ ኮንትራስቱ በግምት ዜሮ ይገባል፣ የትኛውም ሴንሰር ቢቀመጥ። 0.4 ሚሊሜትር ፎካል ስፖትና 30 ሴንቲሜትር ኮን ያለው ማሽን ቢሆን ያው ጥላ ወደ 25 ማይክሮን ይወርድ ነበር። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ገንዘቡ ማሽኑ ላይ ቢውል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ረጅም ኮን ብቻ መቀየርም ይቻላል፣ ማሽኑ የሚቀበል ከሆነ፤ ከ20 ወደ 30 ሴንቲሜትር ሲሄዱ ግን ተመሳሳይ ምስል ለማግኘት የማንሻ ጊዜው 2.25 እጥፍ መሆን አለበት።

ለሙከራው ላይን ፔር ፋንተም ይፈልጉ፤ በስስ እርሳስ ላይ እስከ 20 ላይን ፔር የተቀረጸ ትንሽ ገበታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና የጨረራ ጥራት የሚፈትሹ ባለሙያዎች ዘንድ ይገኛል። ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙ፣ ፋንተሙን ላዩ ላይ ያስነኩ፣ ኮኑን በማቆሚያ ያስሩት። ከዚያ በ0.04፣ በ0.08፣ በ0.16 እና በ0.32 ሰከንድ አራት አራት ምስል ያንሱ። ቀጥሎ በፋንተሙና በሴንሰሩ መሃል 10 ሚሊሜትር የጥርስ ሰም አስገብተው ይድገሙ። በመጀመሪያው ዙር ያዩት ሴንሰሩን ይመለከታል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የጠፋው ማሽንዎ የወሰደው ነው። በዚህ ሁለተኛ ዙር በ15ቱና በ20ው መካከል የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ።

ፋንተሙን ከፒክስሉ ረድፍ ጋር ትይዩ አድርገው አያስቀምጡ፤ 45 ዲግሪ ያዙሩት። ትይዩ ከሆነ አንዱ መስመር አጋጣሚ ፒክስሉ ላይ ልክ ገጥሞ ያምራል፣ ሌላው በሁለት ፒክስል መሃል ወድቆ ይጠፋል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ሴንሰሩ አቅሙን ካለፈ በኋላም መስመር የሚመስል ነገር ማሳየቱ ነው። ስለዚህ መስመሮቹን ይቁጠሩ። አንዱ ቡድን ውስጥ አምስት መስመር ተቀርጾ ምስሉ ላይ አራት ወይም ሦስት ከታየ የሚያዩት ሐሰተኛ መስመር ነው፤ ያ ቡድን እንዳልታየ ይቆጠራል።

መልስ (ኢንዶዶንቲስት)

ኢንጂነሩ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እርሳስ ላይ የተቀረጸ መስመር ኮንትራስቱ ከፍተኛ ነው፣ በሽተኛ አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮንትራስት የለም። ፋንተም ላይ የበለጠ ሴንሰር ፋይል ጫፍ ሲያሳይ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔውን በፋንተሙ ብቻ አታድርጉት።

ለሩት ካናል ጥሩው መፈተኛ እጃችን ላይ ያለው ኬ ፋይል፣ ቦዩን የምንጠርግበት ስስ ብረት፣ ነው። ጫፋቸው የታወቀ ነው፦ 06 (ሮዝ) 0.06 ሚሊሜትር፣ 08 (ግራጫ) 0.08፣ 10 (ሐምራዊ) 0.10፣ 15 (ነጭ) 0.15። አንድ የተነቀለ መንጋጋ ጥርስ በፀረ ተሕዋስ ታጥቦ ቦዮቹ ተከፍተው፣ ፋይሎቹ ተራ በተራ እስከ ጫፍ ገብተው በሰም ይጣበቁ። ጥርሱን ብቻውን አታንሱት፤ ከበስተኋላው አጥንት ከሌለ ሁሉም ሴንሰር ጎበዝ ይመስላል። ከሥጋ ቤት የበግ የታች መንጋጋ ይቆረጥና ጥርሱ ከአጥንቱ ፊት በሰም ይያዝ፤ በኮኑ በኩል 2 ሴንቲሜትር ውኃ የያዘ ስስ ፕላስቲክ ሣጥን ይቀመጥ፣ ጉንጩን ይተካል።

እዚህ ላይ አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የ08 ጫፍ 80 ማይክሮን ነው፤ በ20 ማይክሮን ፒክስል አራት ፒክስል ይሸፍናል፣ በ25 ማይክሮን ከሦስት በላይ። ስለዚህ ፒክስል አላነሰም። ሆኖም የመጨረሻው 1 ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ለምን? ከጥርሱ አካል (ዴንቲን) እና ከአጥንቱ ውፍረት ጋር ሲነጻጸር 0.08 ሚሊሜትር ብረት የሚያግደው ኤክስሬይ ጥቂት ነው፣ የጥላው ጥቂት ልዩነት በምስሉ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ችግሩ የኖይዝ (የዚህ አሸዋ) እና የኮንትራስት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ትልቁ ፒክስል ሊያሸንፍ ይችላል፤ ሰፊ ፒክስል በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶን ይሰበስባል።

በእኔ አስተያየት ሴንሰሩ የሚመዘነው በ08 እና በ10 ነው። 15ን ሁሉም ያሳያል፤ 06ን ከእነዚህ አንዱም አዘውትሮ ያሳያል ብዬ አልገምትም፣ ርዝመትም በ06 አይለካም። ለእያንዳንዱ ፋይል ጫፉ ከሥሩ ጫፍ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደታየ ይጻፍ፣ ከዚያ ጥርሱን ከሰሙ አውጥታችሁ እውነተኛውን ርቀት በማጉያ መነጽር ለኩ። ከ0.5 ሚሊሜትር በላይ የሳተ ለዚያ ፋይል አልፏል አይባልም።

ለባይትዊንግ ደግሞ ጎን ለጎን የሚነኩ ሁለት ፕሪሞላር ጥርሶች ይወሰዱ፤ አንዱ ኢናሜሉ (የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን) ላይ ብቻ የቆመ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ያለው ይሁን። ምስሎቹን የሚያነቡት ሐኪሞች ሦስት ቢሆኑ፣ የሴንሰሩ ስም ተሸፍኖ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብቻ ቢባል። ስሙንና ዋጋውን ያወቀ ሰው ውድ የሆነውን ጥርት አድርጎ ያየዋል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የመጀመሪያው ሴንሰር ፕሮግራም ላይ «ሻርፕ» የሚለውን ፊልተር ባጠፋውም ምስሉ ያው ስለታም ነው። በእርግጥ ጠፍቷል? ሁለተኛ፣ በእጅ የሚያዘው ማሽን ሙከራው ውስጥ ይግባ?

መልስ (ባዮሜዲካል ኢንጂነር)

ስለ ፊልተሩ ጥሩ ጠረጠሩ። ብዙ ጊዜ ማሳያው ላይ ያለው ቁልፍ ሁለተኛውን ፊልተር ነው የሚያጠፋው፤ የመጀመሪያው ድራይቨሩ (ሴንሰሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ውስጥ ነው፣ ምስሉ ፕሮግራሙ ጋ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሷል።

መለየቱ ቀላል ነው። የስካልፔል ምላጭ በሹሉ በኩል ሳይሆን በጀርባው ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው። ያንን ሴንሰሩ ላይ ከፒክስሉ ረድፍ 2 ወይም 3 ዲግሪ ዘመም አድርገው ያስቀምጡና ያንሱ። ምስሉን በዳይኮም (የሕክምና ምስል ፋይል ዓይነት) ወይም በ16 ቢት ቲፍ ያውጡት፤ ጄፔግ አይሁን፣ 256 ግራጫ ደረጃ ብቻ ስለሚይዝና ጠርዙን ስለሚያበላሽ። ከዚያ ኢሜጅጄ በተባለው ነፃ የምስል መተንተኛ ፕሮግራም ይክፈቱትና ምላጩን የሚያቋርጥ መስመር ስበው የግራጫውን ግራፍ ያውጡ። ፊልተር ያልነካው ምስል ከጨለማው ወደ ብሩሁ እንደ ኮረብታ ቁልቁለት ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ፊልተር ያለበት ግን ከመውጣቱ በፊት ጉድጓድ ይሠራል፣ ከወጣ በኋላም ጉብታ ያሳያል። ጉድጓድና ጉብታ ካዩ ስለታምነቱ የተቀባ ነው። በኢሜጅጄ ላይ ከዚሁ ዘማማ ጠርዝ ኤምቲኤፍ የሚያሰላ ተጨማሪ ፕሮግራምም አለ፤ ግራፉ መሃል ላይ ከ100 በመቶ ካለፈ ማስረጃው ያው ነው።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላስቸግርም ነበር። ያ ጉድጓድ የብረት ሙሌት ወይም የክራውን ጠርዝ ላይ ሲመጣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሙሌቱ ሥር አዲስ ካሪስ የገባ ይመስላል። ኢምፕላንት ዙሪያም አጥንቱ የለቀቀ የሚያስመስል ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ጤነኛ ሙሌት የሚያስነቅል ምስል ነው! ስለዚህ አቅራቢው ጥሬውን ምስል ማውጣት የሚያስችል ቅንብር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ የለም ካለ ያ ራሱ ከውጤቱ ይቀነስ።

እግረ መንገድዎን የወጣውን ምስል የፒክስል ብዛት ይመልከቱ። የሳይዝ 2 ሴንሰር የሚሠራው ገጽ 26 በ36 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ20 ማይክሮን ከሆነ 1300 በ1800 ፒክስል መውጣት አለበት። 650 በ900 ከወጣ ሴንሰሩ አራት አራት ፒክስል እያዋሐደ ነው፤ 25 ላይን ፔር ወደ 12.5 ወረደ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ «ስታንዳርድ» የሚለው ቅንብር ውስጥ የሚደበቀው ይኸው ነው።

መልስ (ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት)

በእጅ የሚያዘውን ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙበት፤ ሴንሰሩ ከተመረጠ በኋላ ለብቻው ይሞከር። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑ ሚሊአምፔሩ አነስተኛ ስለሆነ የማንሻ ጊዜውም ይረዝማል። ማሽኑ በማንሻው ጊዜ 2 ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ፣ ጥርሱ በ220፣ ሴንሰሩ በ10 ርቀት ላይ ሆኖ፣ ምስሉ ላይ የሚያመጣው 0.09 ሚሊሜትር መደብዘዝ ነው። ከ20 ማይክሮን ፒክስል አራት እጥፍ በላይ። ይህ እንግዲህ በሽተኛው ሴንሰሩን በመያዣ ነክሶ ሲይዝ ነው። ሴንሰሩ በጣት ተይዞ ከጥርሱ ላይ ከተንሸራተተ ግን የተንሸራተተው ሁሉ ሳይቀነስ ምስሉ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሴንሰር መያዣ ካልተጠቀማችሁ ስለ 15 ማይክሮን መነጋገር ምንም አይጠቅምም።

በግድግዳው ማሽን ላይም ቢሆን መብራቱን ልብ ይበሉ። ማሽኑ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው አሮጌው ዓይነት ከሆነና ማካካሻ ከሌለው፣ መስመሩ ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድ 70 ኪሎቮልት የሚለው በእውነቱ ወደ 60 ይወርዳል፤ ጨረሩም ከዚያ በበለጠ መጠን ይቀንሳል። ጠዋት የተሞከረው ሴንሰር ጥርት ብሎ፣ ከሰዓት የተሞከረው አሸዋ ለብሶ ቢወጣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ላይሆን ይችላል። ሦስቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከስታቢላይዘር ጋር፣ እየተፈራረቁ ያንሱ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ከዚያ እንደገና ሐ፣ ለ፣ ሀ።

ኖይዙን ለመለካት ፋንተምም አያስፈልግም። ባዶ ሴንሰር ላይ ያንሱ፣ በኢሜጅጄ 100 በ100 ፒክስል ሣጥን ስለው አማካዩን ለስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ያካፍሉ። ከ0.04 ወደ 0.16 ሰከንድ ሲሄዱ ጨረሩ አራት እጥፍ ሆኗልና ውጤቱ በግምት ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ከዚህ በጣም ከራቀ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ሴንሰሩ ጠግቦ (ከዚህ በላይ ጨረር መለካት አቅቶት) እንደሆነ ነው፤ ባዶ ሴንሰር ጥርስ ካለበት ቶሎ ይጠግባል፣ ከጠገበ አጭር ጊዜዎችን ይጠቀሙ። ሁለተኛው የካሊብሬሽን ፋይሉ ነው። ይህ ፋይል ለእያንዳንዱ ሴንሰር በሲሪያል ቁጥሩ ለብቻው የተሠራ ነው። አቅራቢው ሴንሰሩን አምጥቶ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፋይሉን መጫን ከረሳ፣ የሴንሰሩ ውስጣዊ ጉድለት ሳይታረም ይወጣል፦ ቀጥ ያሉ ስስ መስመሮች፣ ወይም ከፋይበር ኦፕቲክ ንጣፉ የሚመጣ የማር እንጀራ የመሰለ ጥልፍ። ጥሩ ሴንሰር በዚህ ምክንያት ተጥሎ መጥፎው እንዳይገዛ።

የመጨረሻው ማሳያው ነው። 1366 በ768 በሆነ ላፕቶፕ ላይ 1800 ፒክስል ቁመት ያለው ምስል ሙሉውን ሲታይ ከሁለት በላይ ፒክስል በአንድ ይጨመቃል፤ የ15ቱም የ25ቱም ምስል አንድ ይሆናል። ምስሉን 100 በመቶ አድርገው፣ መጋረጃ ዘግተው፣ መብራት ቀንሰው ይመልከቱ። አንዱን በ100፣ ሌላውን በ200 በመቶ ማየትም ያሳስታል፤ ሦስቱም ጥርሱ በስክሪኑ ላይ እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከሉ።

መልስ (ኢንዶዶንቲስት)

አንድ የረሳሁት አለ። የ08ቱ ፋይል የሚታይበትን ዝቅተኛ የማንሻ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሴንሰር ይጻፉ። አንዱ በ0.08 ሰከንድ፣ ሌላው በ0.16 ካሳየ፣ በሁለተኛው የሚነሳ በሽተኛ ሁልጊዜ እጥፍ ጨረር ይወስዳል። በሩት ካናል አንድ ጥርስ ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል። ሁለት ሴንሰሮች በምስል እኩል ከሆኑ በዚህ ይለዩ፣ ቀጥሎም ገመዱ ከሴንሰሩ በሚወጣበት ቦታ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ሲበጠስ ገመዱ ብቻ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ።

ጠያቂ

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። የሥጋ ቤቱ መንጋጋና ፋይሎቹ ለሐሙስ ይዘጋጃሉ፤ ላይን ፔር ፋንተሙን ከዩኒቨርሲቲ እንጠይቃለን። ውጤቱን በጥሬው፣ ከማንሻ ጊዜዎቹ ጋር እዚሁ አስቀምጣለሁ።